ለአያታችሁ ዘፈን አትክፈቱላት

ባለፈው ፋሲካ ነው፣ ሆለታ፣ አያቴ ቤት፣ ከምሳ በኋላ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ሊቆላ ነው፣ የአጎቴ ልጅ የብሉቱዝ ስፒከሩን ቡፌው ላይ አስቀምጦ «የድሮ ምርጥ ዘፈኖች» የሚል ፕሌይሊስት ከፈተ። አያቴ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣለች። (እኛ ቤት በኦሮምኛ «አኮ» ነው የምንላት፤ ከዚህ በኋላ እንደዚያው ልጥራት።) ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ዘፈን ላይ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረግ አደረገች። የአጎቴ ልጅ ይህችን አላሳለፋትም፤ ስልኩን ደገነ። ማታ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ነበር። ከሥሩ የተጻፈውን ሳላሳያችሁም ታውቁታላችሁ፤ ብዙ ልብ፣ ብዙ «እናቶቻችን ስንቱን አሳለፉ»፣ ብዙ «ወርቃማው ዘመን»።

እንግዳው ሁሉ ሲሄድ ጠየቅኳት። «አኮ፣ ቅድም ምን ትዝ ብሎሽ ነው ያለቀስሽው?»

«ማን አለቀሰ? ከሰሉን ሳይቀጣጠል አመጣችሁት፣ ጭሱ ዓይኔን ፈጀኝ እንጂ።» ቀጥላ ደግሞ «ጥላሁንንስ አውቀዋለሁ፣ በራዲዮ እሰማው ነበር። ከእሱ በኋላ ያመጣችሁት ግን ማነው? ከሰው መጫወት እኮ ከለከለን» አለች።

ቪዲዮው እስካሁን አለ። ሼር ካደረጉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ስለዚህ የአጎቴን ልጅ ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። ለአያቶቻችን ዘፈን መክፈት ደግነት የሚመስል ንጥቂያ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ስንከፍትላቸው አድማጭ እናደርጋቸዋለን። እነዚህ ሴቶች ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ዘፈን አውጪ ነበሩ። ወንበሩ ላይ አስቀምጠን፣ ድምፅ ጨምረን፣ ካሜራ ደግነን፣ አፋቸውን ዘግተን ነው «ትዝታ» የምንለው።

እስቲ «ወርቃማው ዘመን» ላይ ሒሳብ እንሥራ። አምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስን ከፍቶ፣ የመንግሥትን ብቸኛ የማሳተም መብት ተጋፍቶ ሸክላ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። አብዮቱ መጣና እ.ኤ.አ. በ1975 አበቃ። አኮ ያኔ ሃያዎቹ ውስጥ ናት፣ ከሆለታ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ባለ መንደር፣ አራት ልጆች፣ ሁለት ላም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ ይዛ ገበያ። አዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት፣ ግን ያ ፕሌይሊስት የተቀዳባት አዲስ አበባ፣ ክራቫት ያሰሩ ሳክስፎን ነፊዎችና ሚኒ ስከርት የለበሱ ወጣቶች ያሉባት፣ ለአኮ ከቶኪዮ እኩል ሩቅ ነበረች። ያንን ዘመን አልኖረችውም። እንዴት ልትናፍቀው ትችላለች?

እኔስ ከየት አመጣሁት? እውነቱን ልናገር፤ ከፓሪስ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ጀመረ። የጂም ጃርሙሽ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2005 የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ይዞ ዓለም ዞረ። ፈረንጅ ሲያደንቀው እኛም ወደ ኋላ ዞረን አየነው። በሙዚቃው ላይ ምንም የለኝም፤ ኮድ ስጽፍ ሌሊቱን ሙሉ ሙላቱን ነው የምሰማው። ግን የእኔ ናፍቆት ነው። የእኔን ናፍቆት አኮ ትከሻ ላይ አልብሼ ፎቶ ማንሳቴ ነው ያናደደኝ። (የሙሉቀን መለሰ ነገር ደግሞ ይደንቀኛል። እሱ ራሱ ዘፈኑን ትቶ ወደ መዝሙር ሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ እስኪያርፍ ድረስ አልተመለሰም። ሂሩት በቀለም እንደዚሁ። ባለቤቶቹ የተዉትን እኛ በበዓል በበዓሉ እናስገድዳቸዋለን።)

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፤ ይበልጥ የሚያሳፍረው እሱ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት አካባቢ የጃፓን የአረጋውያን መዋያ የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። ሰማንያን የተሻገሩ ሴቶች በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል፣ ማይክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ካራኦኬ ነው። የሚዘፍኑት የሂባሪ ሚሶራን ዘፈኖች ነው፤ ከጦርነቱ ማግስት በልጅነቷ መድረክ ላይ ወጥታ እ.ኤ.አ. በ1989 እስክትሞት ድረስ የሀገሩ ድምፅ የነበረች ሴት ናት። «ኤንካ» ይሉታል ስልቱን። የዘፈኑት ሴቶች ድምፅ ተራ ነው፣ አንዷ ጭራሽ ዜማውን ስታዋለች። ሁሉም ግን አፏን እያየ ያጨበጭባል። ከዚያ ጆሮዬ ሌላ ነገር ያዘ፤ ይሄማ ትዝታ ነው!

ቀልድ አይደለም። ኤንካ በብዛት የሚዘፈንበት ስኬል ከሰባቱ ድምፆች አራተኛውንና ሰባተኛውን የሚዘል ባለ አምስት ድምፅ ነው። ኪቦርድ ያላችሁ ሞክሩት፤ ሜጀሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የእኛ ትዝታ ሜጀር ማለት ነው። ማይነሩም ከትዝታ ማይነር ጋር አንድ ነው፣ ሚና ላ በግማሽ ዝቅ ብለው። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ ሲዘምቱ ጃፓንን ያዩ ነበሩ፣ «ጃፓኗን ወድጄ» የሚል ዘፈንም አለ። እንግዲህ ልቡ የተሰረቀው ወታደር ጆሮውም ሀገሩ የገባ ሳይመስለው አልቀረም።

ኢንጂነር ነኝና እንዲህ ዓይነት ነገር ሳይ ወዲያው መሥራት ነው የሚታየኝ። ጃፓን ለአያቶቿ ካራኦኬ አላት፣ እኛ የለንም፣ ስለዚህ ልሥራ። ሰው ማማከር አላስፈለገኝም፤ የእኛ ሙያ በሽታ ነው። ሦስት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብኝ። የዘፋኙን ድምፅ ከሙዚቃው የሚለዩ ነፃ ሶፍትዌሮች አሉ፣ «ስፕሊተር» እና «ዲመክስ» የሚባሉ። የድሮ ሸክላ ቅጂዎችን አስገባሁ። ዘፋኙን ሳወጣው ሳክስፎኑ ግማሹ አብሮት ወጣ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር በአንድ ማይክ አካባቢ ተጨናንቆ የተቀዳ ነው። እሱን እንደምንም አስተካከልኩ። ቁልፉን ለሴት ድምፅ እንዲሆን ዝቅ ከፍ የሚያደርግ ማንሸራተቻ ጨመርኩ። ግጥሙ ስክሪን ላይ እየተቀለመ ይሄዳል። አምሮብኛል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቼ ማይኩን አኮ እጅ ላይ አስቀመጥኩ።

አኮ ማንበብ አትችልም። የልጅ ልጇ ነኝ፣ ሃያ ምናምን ዓመት አውቃታለሁ፣ ስክሪኑን ስሠራ ግን አንዴም ትዝ አላለኝም።

ከጎኗ ሆኜ ግጥሙን በጆሮዋ እየነገርኳት ሞከርን። አንድ መስመር አለች፣ ትንፋሿን ልትስብ ቆም ስትል ሙዚቃው ሄዷል። ተከተለችው፣ ደረሰችበት፣ እንደገና ጥሏት ሄደ። ማይኩን መለሰችልኝ። «ይሄ ሰውዬ ሰው አይጠብቅም እንዴ?» አለች፣ ቴሌቪዥኑን እያየች።

ይህችን ጥያቄ ይዤ ነው ካራኦኬን ማን ፈጠረው ብዬ ማንበብ የጀመርኩት፤ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ማለት ነው። ስሙ በጃፓንኛ «ባዶ ኦርኬስትራ» ማለት ነው። ዳይሱኬ ኢኖዌ የሚባል ኮቤ ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ ለሚዘፍኑ ደንበኞች የሚያጅብ ሙዚቀኛ ነበር። (ከእሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1967 ሺገይቺ ኔጊሺ ተመሳሳይ ማሽን ሠርቷል፤ የፈጣሪነቱ ክርክር አላለቀም።) አንድ ደንበኛው የኩባንያ ባለቤት ነው፣ ሲዘፍን ምቱን ይስታል፣ ኢኖዌ ግን እየተከተለ ያድነዋል። ሰውየው ለሥራ ጉዞ ሲወጣ «አብረኸኝ ሂድ» አለው። ኢኖዌ መሄድ አልቻለም። በምትኩ ለሰውየው ድምፅ በሚስማማ ቁልፍ ሙዚቃውን በቴፕ ቀድቶ ሰጠው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1971 ማሽን አድርጎ ሠራው፣ የፈጠራ መብቱን እንኳ አላስመዘገበም።

ማሽኑ የተወለደው አጃቢው መሄድ ስላልቻለ ነው። ምትክ ነው። ጃፓኖቹ አያቶች ምትኩን ለምደው፣ በዙሪያው ተሰብስበው፣ ማይኩን እየተቀባበሉ መልሰው ሰው አደረጉት፤ ደስ ይላል። እኔ ግን ምትኩን ያመጣሁት ዋናው ገና በሕይወት ወዳለበት ቤት ነው።

ዋናው ማለት ተቀባይ ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። እንግዳው ከመቀመጫው «ተቀበል!» ይላል፣ ሁለት ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው በመሲንቆው አንስቶ ያዜምለታል። እንግዳው ቢንተባተብ መሲንቆው ይጠብቀዋል። ሆያ ሆዬ ጨፍረን ሙልሙል ያልበላን ማን አለ? አበባዬሆሽን ስትዘፍን ያላደገች ልጅ ማን ናት? አንዱ ያወጣል፣ የቀረው ይቀበላል። አውጪው ግጥም ቢጠፋበት ተቀባዩ አንድ ዙር ደግሞለት ጊዜ ይገዛለታል። ቀበቶ እንደሌለው ሱሪ በአንድ እጅ የሚያዝ ነገር አይደለም፣ ሁለት ወገን ይፈልጋል። የአኮና የጓደኞቿ ዘፈን ሁሉ እንደዚያ ነው፤ የሠርጉ፣ የልጅ ማጫወቻው፣ የዕርድ ቀኑ፣ አንዳንዶቹም ዛሬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩት የአቴቴው። አንድም ቦታ ላይ ብቻዋን እንድትዘፍን የተሠራ ዘፈን የላትም።

ታዲያ አኮ ለምን ዝም አለች? አርጅታ ነው? ረስታ ነው? እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ፣ የአክስቴ ልጅ ሠርግ እስኪመጣ።

የሠርጉ ዋዜማ ማታ ነው። ድንኳን ተተክሏል፣ ሴቶቹ ጓሮ ሽንኩርት ይከትፋሉ። አኮ ክብ ሠርታ ከተቀመጡት መሃል ሆና አንድ ዘፈን አወጣች። ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም፤ ከቀን ንግግሯ በአንድ እጥፍ የሚበልጥ ነገር። ሦስት ወይ አራት የእሷ ዕድሜ ሴቶች ተቀበሏት። ከእነሱ በታች ያሉት፣ እናቴን ጨምሮ፣ ጭብጨባውን ያውቁታል፣ ቃሉን ግን እየፈለጉ ነው። እኛ ጭራሽ ፈገግ ብለን ቆመናል። ሁለተኛው ዙር ላይ ድንኳኑ ውስጥ ዲጄው «ቼክ፣ ቼክ» አለ። ከዚያ ለቀቀው። ጣራ የሚያህሉ ሁለት ስፒከሮች። አኮ አንድ መስመር ጨምራ አወጣች፣ ተቀባዮቿ አልሰሟትም፣ በመሃል ተበታተነ። አንዷ እናት እየሳቁ «በቃ፣ ወጣቶቹ ይጫወቱ» አሉ። አኮ ሽንኩርቷን አነሳች።

ዲጄውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከመደብኩት ብርም ግማሹን ቀብድ ከፍዬ ነበር።

እዚህ ላይ «ዘመን ተለወጠ፣ ምን ይደረግ» የሚል አለ። ዘመን አይደለም፣ ማጉያው ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ማን ይሰማ የሚለውን የወሰነው የስፒከሩ ዋት ነው፣ ዋቱን የተከራየነው ደግሞ እኛ ነን። አያቶቻችን ዘፈኑን አልጣሉትም። ባወጡ ቁጥር ድምፃቸው ላይ ሌላ ድምፅ ስለምንከምርበት ማውጣት አቆሙ። ሲያቆሙ «ምስኪን፣ ትዝታ ያስፈልጋታል» ብለን ፕሌይሊስት እንከፍትላቸዋለን። መጀመሪያ ዘፈኗን ቀማናት፣ ቀጥለን የሌላ ሰው ዘፈን በስጦታ አመጣንላት፣ ከዚያ ደግሞ ስታለቅስ ቀረጽናት። እሱም ጭስ ነው።

«እሺ፣ ቅዳው» የሚሉኝ ጓደኞቼ ናቸው፣ በተለይ የቴክ ልጆች። ዲጂታይዝ አድርገው፣ አርካይቭ፣ ዳታሴት። ቀዳሁት። አንድ ከሰዓት በኋላ አኮን ብቻዋን ጸጥ ባለ ክፍል አስቀምጬ በጥሩ ማይክ 40 ደቂቃ ቀዳሁ። የድምፁ ጥራት እንከን የለውም። ቤት ሄጄ ሳዳምጠው ግን አንድ ነገር ገባኝ። አንድ መስመር ትላለች፣ ከዚያ ዝም። የሚቀጥለውን ትላለች፣ ዝም። ያ ዝምታ የተቀባዮቹ ቦታ ነው። እየቆጠረች ትጠብቃቸዋለች፣ ልክ በምቱ፣ አንዴም ሳታሳጥርባቸው፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ጃፓኖች ኦርኬስትራ አላቸው፣ የጎደለው ዘፋኝ ነው፣ ማንም መጥቶ ይሞላዋል። እኔ የቀዳሁት ተቃራኒውን ነው፤ ድምፁ አለ፣ ባዶው እኛ ነን። የድምፅ ማስተካከያ ሶፍትዌሬ እነዚያን ክፍተቶች «ጸጥታ» ብሎ ምልክት አድርጎባቸው ልቁረጣቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

መቅዳት ክፉ ነው አላልኩም። ቅዱ፣ ዛሬውኑ ቅዱ። ግን ፋይሉ ሃርድ ዲስክ ላይ ሲቀመጥ ነገሩ ያለቀ እንዳይመስላችሁ።

የሚከብደኝ ክርክር የእምነቱ ነው። ጎረቤታችን እናት ጴንጤ ናቸው፣ በአኮ ዕድሜ፣ ድሮ አብረው ያደጉ። ዓለማዊ አይዘፍኑም። «እግዚአብሔር ያወጣኝን ነገር አትመልሰኝ ልጄ» ብለውኛል፣ መልስ የለኝም፣ ልሰጣቸውም አልፈልግም። ቤታቸው በሄድኩ ጊዜ ግን የሆነውን ልንገራችሁ። በቴሌቪዥን መዝሙር ተከፍቷል፣ ወጣት ዘማሪዎች፣ ጭስ፣ መብራት። እሳቸው ሶፋ ላይ ዝም ብለው ያያሉ። ሪሞቱን ለምኜ ዘጋሁትና «እማማ፣ መጀመሪያ የተማሩት መዝሙር የቱ ነው?» አልኳቸው። በኦሮምኛ ነበር። ዘመሩልኝ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ የልጅ ልጃቸው ከማድ ቤት ብቅ አለች። ቴሌቪዥኑ ለሩብ ሰዓት ያህል አልተከፈተም። ነገሩ ዘፈን ወይስ መዝሙር የሚለው አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው።

እኔ ተቀባይ መሆን መማር ጀምሬያለሁ፣ በጣም መጥፎ ተማሪ ነኝ። ኦሮምኛዬ የከተማ ልጅ ኦሮምኛ ነው፣ ታክሲ ለመውረድና ለገበያ የሚበቃ። የመቀበያው ቃል ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነው፣ ችግሩ መቼ እንደሚገባ ነው። ከችክችካው ምት ጋር ተወልጄ መግቢያው አይታየኝም! አኮ በእጇ ጉልበቴን እየመታች ነው የምታስገባኝ። ቸኩዬ ስገባ ዘፈኑን ታቆመዋለች፣ «ገና ነው፣ ልጨርስ» ትላለች፣ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። እስካሁን አምስት ዘፈን ላይ መቀበል እችላለሁ። ካራኦኬው አፕ ላፕቶፔ ውስጥ አለ፣ ከፍቼው አላውቅም። ከእሱ ይልቅ እናቴ መጥታ ከጎኔ መቀመጥ ጀምራለች፤ ረስቼዋለሁ ትል የነበረውን ከእኔ ስህተት የተነሳ እያስታወሰችው፣ እየሳቀችብኝ።

በጥር ሌላ ሠርግ አለብን። ባለፈው ሳምንት ለዲጄው ደወልኩለት፣ ያው ልጅ ነው፣ ጎበዝና ጨዋ ነው። የዋዜማው ማታ አንድ ሰዓት ስፒከሩን እንዲያጠፋልን ጠየቅኩት።

«ወንድሜ፣ አንድ ሰዓት ዝም ብል ሰው ሥራ አልሠራም ይለኛል እኮ» አለ።

ክፍያው እንደማይቀነስ ነገርኩት። አሰበ። ሃያ ደቂቃ አለ። አርባ አልኩ። በሠላሳ ተስማማን። ከመዝጋቱ በፊት ግን «ለእነሱ ማይክ ላምጣ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እሱን አኮን ልጠይቃት ነው።